ለጽሑፋችሁም ቀጠሮ ያዙለት

ውድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣

«ሁለተኛ ዲግሪ የጀመረ ሰው ክበብና ማኅበር ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። የመመረቂያ ጽሑፍ ሳማክር በኖርኩባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ስብሰባ ከበዛበት ተማሪ ይልቅ በሩን ዘግቶ ብቻውን የቀረው ቶሎ ይሰበራል። ኮርስ ሲያልቅ ሁሉም ወደየርዕሱ ይበተናል፤ የምታጠኑትን ነገር የሚያውቅ ሰው ከአማካሪያችሁ በቀር ላይኖር ይችላል። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1902 በበርን ከሞሪስ ሶሎቪንና ከኮንራድ ሃቢሽት ጋር «ኦሊምፒያ አካዳሚ» ያሉትን የንባብ ክበብ ሲጀምር የዶክትሬት ዲግሪውን ገና አልያዘም ነበር። በዚያው ዓመት የፓተንት ቢሮ ሥራም ያዘ። ሦስቱ ወዳጆች ግን ተገናኝተው ማንበባቸውንና መከራከራቸውን ቀጠሉ። የዶክትሬት ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1905 ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቀረበ።

ታዲያ ጉዳቱ ከየት ይመጣል? ማኅበር ጠሪ አለው፤ ብትቀሩ «የት ጠፋችሁ?» የሚል አለ፤ ዝግጅቱ ሲሳካ ይጨበጨባል። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ለወራት ቢተኛ ማንንም አይጠራም። ሁለቱ ሲፎካከሩ ዝም ያለው ይሸነፋል።

የተማሪዎች ኅብረት ጸሐፊ የነበረች አንዲት ተማሪዬን አስታውሳለሁ። ስብሰባው በተበተነ ማግስት ቃለ ጉባኤው ተጽፎ፣ የሥራው ባለቤትና ቀነ ገደቡ በሠንጠረዥ ሰፍሮ ለአባላቱ ይደርሳል። የጥናቷን ሦስተኛ ምዕራፍ አብረን ስንከፍት ግን በዳር የጻፍኳቸው አስተያየቶች ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ እንዳሉ ተቀምጠዋል፤ «ናሙናውን ለምን በዚህ መንገድ እንደመረጥሽ አስረጂ» የሚለው እንኳ መልስ አላገኘም። ይህችን ልጅ ሰነፍ የሚላት ካለ አልሰማውም። ለኅብረቱ የነበራት ሥርዓት ለጽሑፏ አልነበራትም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለምዕራፉ ቋሚ ሰዓትና ቦታ፣ ደግሞም በዚያ ሰዓት አብራት ተቀምጣ የራሷን ጽሑፍ የምትጽፍ ጓደኛ ስታበጅለት ሥራው ተንቀሳቀሰ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በሳምንቱ ውስጥ ለጽሑፋችሁ የሰጣችሁትን ሰዓት ሌላ ሰው ሲጠይቃችሁ «ቀጠሮ አለኝ» በሉ። እውነትም አላችሁ።

ስፖርትና መዝሙርን በዚህ ሒሳብ አላስገባም፤ አትተዉአቸው።

ግምታችሁንም በጥርጣሬ እዩት። ሮጀር ቢውለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማገባደድ ላይ የነበሩ የሥነ ልቦና ተማሪዎች ስንት ቀን እንደሚቀራቸው ተጠይቀው በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነበር። ሁሉ ነገር ቢበላሽ ብለው የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ «እስከ ወሩ መጨረሻ እጨርሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ሰብሳቢነት እቀበላለሁ» ሲለኝ፣ ሰብሳቢነቱ በጽሑፉ መሐል እንደሚመጣበት አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ወቅቱም ይለያያል። ኮርስ በምትወስዱበት ጊዜ የክፍልና የፈተና ፕሮግራሙ ራሱ ይመራችኋል፤ ያኔ ኃላፊነት መሸከም ይቻላል። መረጃ መሰብሰብ ስትጀምሩ ግን ቀኑ ከእጃችሁ ይወጣል። ቃለ መጠይቅ የሚሰጣችሁ ሰው ቀጠሮ ይለውጣል፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ ይበላሻል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ይዘገያል። በዚያ ወቅት በአባልነት ቆዩ እንጂ ሰብሳቢ ወይም ገንዘብ ያዥ አትሁኑ።

አዲስ ኃላፊነት ሲቀርብላችሁም የሥራ ዘመኑ መቼ እንደሚያበቃና ማን እንደሚረከባችሁ ጠይቁ። የማኅበሩ ሥራ የሚበዛበት ወር ጽሑፋችሁን ከምታስረክቡበት ወር ጋር ከገጠመ፣ ሌላ ሰው ይፈለግ በሉ። ለአማካሪያችሁም ቀድማችሁ ንገሩት። ወሬውን ከሌላ ሰው ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ከእናንተ ሲሰማ ግን የምዕራፎቹን ማስረከቢያ ቀን አብሯችሁ ያስተካክላል።