አባቴ በ69 ዓመቱ ጌም ጀመረ፤ ልጨነቅ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 69 ዓመቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ጌም ነክቶ አያውቅም፤ እኛ ስንጫወት ሲያይ «ሥራ ፈቶች» ነበር የሚለን። ከአምስት ወር በፊት ልጄ ታብሌት ላይ ከረሜላ የሚያዛምዱበትን ጌም አሳየው። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ላይ በጆይስቲክ መኪና መንዳት አስተማረው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ከልጄ ጋር ሲበሻሸቁና ሲሳሳቁ ማየት ደስ ይላል። ግን በቀን አራት አምስት ሰዓት ይቀመጣል፤ አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ዓይኑ ይቀላል፣ አውራ ጣቱ ሥር ያመዋል። ባለፈው ወር ደግሞ ሳይነግረን ለጌሙ ገንዘብ ሲከፍል እንደነበር ደረስንበት። እህቴ «ሱስ ነው፣ ታብሌቱን ቀሙት» ትላለች። እናቴ «ተዉት፣ ጭንቅላቱ ይሠራል፣ መርሳት አይዘውም» ትላለች። የማንን ልስማ? የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ዓምና ደግሞ ፓርኪንሰን አለብህ ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል።

መልስ፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርዎን ሁለቴ አነበብኳት። እርስዎ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ናት። ለእኔ ግን ከዓይናቸውም ከአውራ ጣታቸውም በፊት የምትመጣው እሷ ናት፤ ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

ፓርኪንሰን የሚመጣው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ነው። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቶቹ የጎደለውን ይተካሉ፣ ወይም ራሳቸው ዶፓሚንን መስለው ይሠራሉ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የዶፓሚን ሥራ እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም። «ይኼ ደስ ይላል፣ ድገመው» የሚለውን የአንጎል መስመርም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ዶፓሚንን መስለው ከሚሠሩት መካከል ፕራሚፔክሶል፣ ሮፒኒሮልና ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሮቲጎቲን ይገኛሉ። እነዚህ አንዳንድ ሰው ላይ ይህን መስመር ከልክ በላይ ይቀሰቅሱታል። ቁማር ነክቶ የማያውቅ ሰው ቁማር ይይዘዋል። ቆጣቢ የነበረው መግዛት ይጀምራል፣ ማቆም ያቅተዋል። ሌሊት እየተነሳ የሚበላ አለ። የወሲብ ፍላጎቱ ልጓም የሚያጣ አለ። አንድ ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም የሚያድርም አለ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ከ3,000 በላይ የፓርኪንሰን ታካሚዎችን አይቶ ነበር። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን ከሚወስዱት ውስጥ 17 በመቶ ገደማው እንዲህ ያለ ችግር ተገኝቶባቸዋል። ጥናቱ የቆጠረው ቁማርን፣ ግዢን፣ ምግብንና ወሲብን ነው፤ ጌም አልነበረበትም። ግን ሳይነግሩ ገንዘብ መክፈልና እኩለ ሌሊት ማለፍ አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪም ጆሮው መቆም አለበት።

አባትዎ ይህ ደርሶባቸዋል ማለቴ አይደለም። የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስዱ አልጻፉልኝም። የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካው ሌቮዶፓ ብቻ ከሆነ ዕድሉ ያነሰ ነው፣ ባይጠፋም። ደግሞም የልጅ ልጁ አዲስ ነገር ያሳየው ጡረተኛ ቢመሰጥ በሽታ አይባልም። ለመለየት የሚረዱኝ ጥያቄዎች አሉ። ጌሙ የበረታው መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ነው? ከጌሙ ሌላ የተለወጠ ነገር አለ፤ ያልተለመደ ግዢ፣ ሌሊት መብላት፣ መደባበቅ? ምግብ ቀረበ ሲባሉ ሥቀው ይነሳሉ ወይስ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ? አቋርጡ ሲባሉ ቁጣቸው ከነበራቸው ጠባይ ጋር ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ታማሚው ለውጡን ራሱ አያየውም፤ ቢያየውም ያፍርበታል። ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው። መድኃኒቱን የጻፈው ሐኪምም ካልነገሩት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ቀጠሮ ይያዙ። የሁሉንም መድኃኒት ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያያችሁትንም ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። የመድኃኒቱ ነገር ሆኖ ከተገኘ፣ መጠኑ ሲቀነስ ወይም በሌላ ሲተካ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ይረግባል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ እስከዚያው በራሳችሁ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ። የፓርኪንሰን መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሰውነት እንደ እንጨት ሊደርቅ፣ ትኩሳት ሊነሳ፣ አእምሮ ሊቃዥ ይችላል። ያ ለሕይወት ያሰጋል።

አሁን ወደ እህትዎ። የዓለም ጤና ድርጅት «የጌም ሱስ» የምንለውን ነገር በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ነው። የሚገርመው መስፈርቱ ውስጥ የሰዓት ቁጥር የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር አቅቶታል ወይ? ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ አስቀድሞታል ወይ? ጉዳት እያደረሰበት እያየም ቀጥሏል ወይ? ይህም በአብዛኛው ለ12 ወራት ያህል የታየ መሆን አለበት፤ በጣም ከከፋ ብቻ ነው በአጭር ጊዜ የሚወሰነው። አምስት ወር ላይ ሆነን «ሱስ ነው» ብሎ መፍረድ ይቸኩላል።

እግረ መንገዴን ልበል፦ አባትዎ በቀን አምስት ሰዓት ዜና ቢያዩ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይደርሰኝም ነበር።

ታብሌቱን መቀማትን በፍጹም አልደግፍም። አባትዎ ልጅ አይደሉም። ይልቅ ጌሙ ምን እንዳስቀረ ይዩ። በፊት በእግራቸው ይወጡ ነበር? አሁንስ? ወዳጆቻቸውን ያገኛሉ? እንቅልፋቸው ስንት ሰዓት ነው? ጌሙ የገባው ባዶ በነበረ ሰዓት ከሆነ ምንም አልጎደለም፤ እንዲያውም ቤቱ ሞቅ ብሏል። የእግር ጉዞን ወይም እንቅልፍን ገፍቶ ከገባ ግን ማስተካከል ያለብን የተገፋውን ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ለፓርኪንሰን ታማሚ ይህ የሕክምናው አካል ነው። ከጨዋታው በፊት ወጣ ብለው ይመለሱ፤ ከተቀመጡ በኋላ ለማስነሳት መታገል ከንቱ ነው።

የገንዘቡን ነገር ሳያፍሩ፣ ሳይቆጡም ያንሱባቸው። ከረሜላ የሚያዛምዱት ጌሞች መጀመሪያ ላይ ቀላል ናቸው። ሰው ከለመደ በኋላ ይከብዳሉ። ከዚያ «ዕድልዎ አልቋል፣ ይጠብቁ ወይም ይክፈሉ» ይላሉ። አንዷ ክፍያ ትንሽ ስለሆነች አትታወቅም። ለዚህ ወጣቱም ይሸነፋል። ገንዘቡ የእሳቸው ነው፤ ስለዚህ በወር ይህን ያህል ብላችሁ አብራችሁ ተስማሙ፣ ለግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅም ታብሌቱን አስተካክሉ። ይህን ከጀርባቸው አታድርጉት። የተስማሙበትን በተደጋጋሚ ካፈረሱ ግን እሱም ለሐኪሙ የሚነገር ምልክት ነው።

ሌሊቱ ያሳስበኛል። ፓርኪንሰን ብቻውን እንቅልፍ ይቆራርጣል። የስክሪኑ ብርሃንና የውድድሩ ግለት ሲጨመርበት ይብሳል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ቢያቆሙ ጥሩ ነው። «አሥር ደቂቃ ቀረህ» ማለት ግን ከተጫዋች ጋር አያግባባም፤ መሃል ላይ ማቋረጥ እኔንም ያናድደኛል። «ሁለት ውድድር ቀረህ» ቢባል ይሰማል። የመድኃኒት ሰዓትም እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። የፓርኪንሰን መድኃኒት በሰዓቱ ካልተወሰደ ሰውነት ወዲያው ይናገራል። ስልካቸው ላይ ደወል ይሙሉ፤ ስልኩን ግን ተነስተው ካልሄዱ የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። ደወሉ መድኃኒቱንም ያስታውሳል፣ ከወንበርም ያስነሳል።

አነሳሳቸውን ደግሞ ልብ ይበሉልኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽንታቸውን ይዘው «ይቺን ሌቭል ልለፍ» ይላሉ። ከዚያ ዘለው ተነስተው ወደ መጸዳጃ ይሮጣሉ። ፓርኪንሰን ሲነሱ የደም ግፊትን ያወርዳል፤ የግፊት መድኃኒቱ ይጨምርበታል። ዓይናቸው ይጨልማል። ወለሉ ላይ ደግሞ የጌሙ ገመድ ተዘርግቷል። እንዲህ ወድቆ ዳሌው የሚሰበር አዛውንት ጥቂት አይደለም። ገመዱን ዛሬውኑ በግድግዳ ጥግ ያሳልፉት። እሳቸውም ከመነሳታቸው በፊት እግራቸውን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች አሥር ጊዜ ያንቀሳቅሱ፣ ይቁሙ፣ ወንበሩን ይዘው ጥቂት ይቆዩ፣ ከዚያ ይሂዱ። ሲነሱ በተደጋጋሚ የሚያዞራቸው ከሆነ ግፊታቸው ተቀምጠውም ቆመውም ይለካ። ረጅም መቀመጥ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋም ያደርጋል። አንድ ባታቸው ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ በዚያው ቀን ይታዩ። ድንገተኛ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ዓይናቸው ለምን ቀላ? ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ መርገብገብ ይረሳል። በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ዓይን ወደ 5 እና 7 ሊወርድ ይችላል። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ደግሞ ድሮም የሚርገበገበው ከሌላው ባነሰ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆረቁራል፣ ይቀላል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይዩ፤ እያወቁ ይርገብገቡ። ካልበቃ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ይረዳል። መነጽራቸውንም ያጣሩ። የማንበቢያ መነጽር የተሠራው ለ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለታብሌት ይሆናል፣ ለቴሌቪዥን አይሆንም። ከላይ የሩቅ ከታች የቅርብ የሆነ መነጽር ካደረጉ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይጫወታሉ፣ ማታ አንገታቸውን ያማቸዋል። እይታ በድንገት ከደበዘዘ ወይም ዓይን ከነሕመሙ ከቀላ ግን ጠብታ አይሞክሩ፤ የዓይን ሐኪም ይየው።

አውራ ጣቱ የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ የአሜሪካ ሐኪም ኒንቴንዶ ለሰዓታት ተጫውታ አውራ ጣቷን ያመማትን ሴት ታሪክ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ፣ ሕመሙን በቀልድ «ኒንቴንዲናይትስ» ብሎት ነበር። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች አንጓ ላይ ይቆጣሉ። ይህን ይሞክሩላቸው፦ አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ይጨብጡ፣ ጭብጡን ቀስ ብለው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያዘንብሉ። አውራ ጣት ሥር ስለት የመሰለ ሕመም ካለ ምናልባት እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ጆይስቲኩን ያሳርፉት፤ የአንጓ መደገፊያም ያስሩ። ማስታገሻ ሲፈልጉ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይስጧቸው። ግፊት ይጨምራሉ፤ ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲሆኑ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። ሲመለሱ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ በትራስ ደግፈው ይያዙት፤ አጥብቀው ከመጨበጥ ያድናቸዋል።

የእናትዎን ሐሳብ ለመጨረሻ ያቆየሁት ደስ የሚል ስለሆነ ነው። ግማሹ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆኑ ሰዎችን መኪና እየነዱ ምልክት የሚለዩበት ጌም አስለመደ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የመሥራት ችሎታቸው ጨመረ፤ ከስድስት ወር በኋላም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የሞንትሪያል ተመራማሪዎች ከ55 እስከ 75 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ሱፐር ማሪዮ 64 አጫወቱ። ከማስታወስ ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍል ላይ ዕድገት አዩ። ተጫዋቾቹ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ነበር የሚጫወቱት፤ አምስት ሰዓት አይደለም። በሁለቱም ጥናቶች የሠለጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ደግሞ አንጎል ላይ ለውጥ ማየት አንድ ነገር ነው፤ የመርሳት በሽታን ማስቀረት ሌላ። ሉሞሲቲ የተባለው የአንጎል ጌም አቅራቢ፣ ጌሞቹ መርሳትን ይከላከላሉ እያለ ያለ በቂ ማስረጃ በማስተዋወቁ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ ንግድ ተቆጣጣሪ ጋር በ2 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። «ለአእምሮ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጌም ሲያዩ ቦርሳዎን ያዝ ያድርጉ። ለአንጎል የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ግፊትን መቆጣጠር፣ መንቀሳቀስ፣ የደከመ ጆሮን በመሣሪያ ማገዝና ከሰው ጋር መዋል ናቸው።

ለአባትዎ ከሁለቱ ጌሞች አንዱን ምረጥ ብባል መኪናውን ነው የምመርጠው። አብሮ የሚጫወት ሰው አለበት፣ ውድድሩ ማለቂያ አለው። ከረሜላው ማለቂያ የለውም፤ ብቻቸውን፣ በሌሊት የሚጫወቱትም ምናልባት እሱን ነው። ልጅዎ መኪናውን ቀን ቀን አብሯቸው ይንዳ። የከረሜላው ታብሌት ማታ ከመኝታ ቤት ውጭ ቻርጅ ይደረግ። የሐኪሙን ቀጠሮ ግን ለሚቀጥለው ወር አያሳድሩት፤ በዚህ ሳምንት ይደውሉ።