«የመጨረሻ ይሆናል» ብዬ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ወር ለአዲስ የሕግ ባለሙያዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ስለ መንግሥት አካላት አወቃቀር እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ እኛ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተቀምጠን መመሪያ ስናረቅ ሕግ አውጪ ነን ወይስ ሕግ አስፈጻሚ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አስፈጻሚ ናችሁ፤ መመሪያውን የምታወጡት ሕግ አውጪው በአዋጅ በሰጣችሁ ውክልና ነው» አልኳትና ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፍኩ። መልሱ ከመጽሐፍ አንጻር ስሕተት የለበትም። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ለእሷም ለጓደኞቿም ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ የሚለውን በሲቪክስ ተምራችሁታል፤ አልደግመውም። ሦስቱ ሳጥኖች ግን እኛ አገር እንደ መማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ጎን ለጎን የቆሙ አይደሉም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የፌዴራሉ መንግሥት ከፍተኛው የሥልጣን አካል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከዚያው ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣንም በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ለፍርድ ቤት አልተሰጠም። አንቀጽ 79 ደግሞ የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ መሆኑን፣ ዳኛም ከሕግ በስተቀር በማንም እንደማይመራ ይናገራል። እኔ ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመም።

ዘመኑ 1994 ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ውስጥ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። አለቃዬ የፈቃድ አሰጣጥና ስረዛ መመሪያ እንዳረቅ አዘዘኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አመሸሁበት። ስለ ቅሬታ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ስደርስ «በዚህ አንቀጽ መሠረት በመሥሪያ ቤቱ የሚሰጥ ውሳኔ የመጨረሻ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ በል ያለኝ ሰው የለም። ከሌላ መመሪያ ላይ አይቼው አምሮብኝ ነው፤ ቁርጥ ያለ፣ የሕግ ድምፅ ያለው ቃል መሰለኝ።

ረቂቁን የምትተይብልን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ትልቅ ሴት ነበረች። እዚያ ቦታ ስትደርስ ጣቷን ከቁልፎቹ ላይ አነሳችና «ልጄ፣ ይሄ ሰው ከዚህ በኋላ ወዴት ይሂድ?» አለችኝ። «ውሳኔ ማብቂያ ይኖረዋል እኮ፣ እትዬ» አልኳት። ዝም ብላ ተየበችው። ያቺ ሴት ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። እኔ ዲግሪ ነበረኝ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ የቆዳና ሌጦ ነጋዴ ከወሎ መጣ። በአንድ ተቆጣጣሪ ሪፖርት ፈቃዱ ተሰርዟል። ሪፖርቱ ሐሰት ነው ይላል፤ እኔ ዛሬም ሐሰት ይሁን እውነት አላውቅም፣ የመረመረው ሰው ስለሌለ። ቅሬታውን የሰማው ራሱ የሰረዘው መሥሪያ ቤት ነው። ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ መመሪያው ውሳኔውን የመጨረሻ ስላደረገው ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ሰውየው ነጋሪት ጋዜጣ ወደሚሸጥበት ብርሃንና ሰላም ሄዶ መመሪያውን ሊገዛ ጠየቀ። አዋጅና ደንብ እዚያ ይገኛል፤ መመሪያ ግን በጋዜጣው አይወጣም ነበር። ማለትም የቢሮው በር የተዘጋበትን ቁልፍ እንኳ አይቶት አያውቅም። በስንት ደጅ ጥናት አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አገኘ።

ያንን ገጽ ይዞ ቢሮዬ ገባ። የእኔ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። «ይህችን ቃል የጻፋትን ሰው አሳዩኝ» አለ። «ልጣላው አይደለም፤ ልጠይቀው ነው።»

«መሥሪያ ቤቱ ነው የጻፈው፣ አባባ» አልኩት።

«መሥሪያ ቤት እጅ አለው እንዴ?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። ወንበር ላይ ትንሽ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተውና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። «እኔ ነኝ» ማለት ያቃተኝ ሰው የእሱን ምስጋና ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም።

አያቴ ስለ ድሮ ሙግት ሲያወራን፣ ከባላጋራው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ፣ «በሕግ አምላክ!» ብሎ፣ የመንገድ አላፊውን ዳኛ አድርጎ እንደሚያስቆም ይነግረን ነበር። ያ ካልሆነለት እስከ ዙፋን ችሎት ይግባኝ ይላል። በዚያ ዘመን ሕግ አውጪውም፣ አስፈጻሚውም፣ የመጨረሻው ዳኛም ያው ንጉሥ ነው፤ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ቢኖሩትም የሁሉም ራስ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ያ ዘመን ይመለስ አልልም፣ በፍጹም። ግን የቆዳ ነጋዴው አያቴ የነበረውን ያህል የሚጮኽበት ደጅ አልነበረውም። ያንን ደጅ የዘጋሁት ደግሞ ሥልጣን በሦስት ተከፍሏል በሚል ሕገ መንግሥት ሥር የተማርኩት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ጥያቄሽ እዚህ ላይ ነው። ያን መመሪያ ስጽፍ ሕግ አውጪ ሆንኩ። መሥሪያ ቤቴ ሲሰርዝ አስፈጻሚ ሆነ። «የመጨረሻ» የምትለዋን ስጨምር የዳኛውንም ወንበር ወሰድኩ። የትኛውም አዋጅ ይህን አልፈቀደልኝም። የአዋጆችን የመጨረሻ ገጽ አንብቢ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ሚኒስቴሩ ደግሞ መመሪያ ሊያወጣ ይችላል የሚል አጭር አንቀጽ ታገኛለሽ። ውክልናው ያ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ለማንኛውም ሰው የሰጠውን ፍትሕ የማግኘት መብት መመሪያ ሊነጥቅ አይችልም። ዳኛውም ይህን አይቶ መዝገቡን መክፈት ነበረበት፤ ያንን ዳኛ ለዓመታት ስወቅሰው ኖሬያለሁ፣ የራሴን እንድረሳ ስለረዳኝ ይመስለኛል።

አሁን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለላችሁ። ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፤ የጸደቀውም ካልተመዘገበና በድረ ገጽ ካልወጣ ተፈጻሚ አይሆንም። ቅር የተሰኘ ሰው የመሥሪያ ቤቱን የቅሬታ ደረጃ ጨርሶ መመሪያውንም ውሳኔውንም በፍርድ ቤት ማስከለስ ይችላል። እኔ ይህን አዋጅ ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለ እናንተ ትውልድ የማያስደስተኝ ነገር አለ። የአንቀጽ ቁጥር በቴሌግራም ተቀባብላችሁ ትከራከራላችሁ፤ ንዑስ አንቀጹን እስከ ታች የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ችኩሎች ናችሁ። እኛ ታጋሾች ነበርን እል ነበር፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ግን የኛ ትዕግሥት አብዛኛው ፍርሃት እንደነበር ይታየኛል። አንቺ በሦስት መቶ ሰው ፊት የጠየቅሽውን እኔ በ1994 ለአንድ አለቃ መጠየቅ አልደፈርኩም። በሥልጠናው ላይ በአጭር መልስ ያለፍኩሽም ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ያ የታጠፈ ወረቀት ፊቴ ስለመጣብኝ ነው።

የምመኘው፣ አሁን የያዝሽው ረቂቅ ካለ የቅሬታውን አንቀጽ እንድትልኪልኝ ነው። የዓይኔ ብርሃን ቢደክምም በትልቅ ፊደል ካተምሽው አነበዋለሁ። ከመላክሽ በፊት ግን ለምትተይብልሽ ወይም ሻይ ለምታመጣልሽ ሴት ጮክ ብለሽ አንብቢላትና፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂያት። የምትልሽን ቃል በቃል ጻፊልኝ።