በእርሻዬ ጫፍ የተተከለው ምሰሶ ምን እየለካ ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ኮረብታማ ቀበሌ ነው። ከአምስት ወር በፊት ባለሙያዎች በመኪና መጥተው ከእርሻዬ ጫፍ ላይ በሽቦ የተወጠረ ቀጭንና ረጅም የብረት ምሰሶ ተከሉ። «የነፋስ ጥናት ነው» ከማለት በቀር ያስረዱን ነገር የለም፤ የተፈራረምነው ወረቀትም የለም። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ሰግቷል። ለመሆኑ ምሰሶው ምን ይሠራል? መሬቴስ ይወሰዳል? የዓባይ ግድብ ከተጠናቀቀ በኋላስ ነፋስ ለምን አስፈለገ?
(ከሱሉልታ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሳይነገረው በማሳው ላይ ብረት የተተከለበት ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። ምሰሶው የሚለካው፣ በነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በአካባቢው ቢሠራ ያዋጣ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ምሰሶውን ቀና ብለው ቢመለከቱት፣ በተለያየ ከፍታ ላይ ትንንሽ ጽዋ የመሰሉ ነገሮች ሦስት ሦስት ሆነው ሲሽከረከሩ ያያሉ፤ የነፋሱን ፍጥነት የሚለኩት እነርሱ ናቸው። ከአጠገባቸው ወዲያና ወዲህ የሚዞረው ክንፍ ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያመለክታል። ልኬቱ በየዐሥር ደቂቃው እየተሰላ በሣጥን ውስጥ ባለ መሣሪያ ይመዘገባል። የታኅሣሥ ነፋስና የሐምሌ ነፋስ አንድ ስላልሆኑ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተለካበት ቦታ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ አበዳሪ አይገኝም።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ 6 ሜትር በሚነፍስበት ኮረብታና 7 ሜትር በሚነፍስበት ኮረብታ መካከል ያለው ልዩነት ለቆመ ሰው ጨርሶ አይታወቅም፤ በነፋሱ ውስጥ ያለው ኃይል ግን ወደ 60 በመቶ በሚጠጋ ይበላለጣል። በዚህ ላይ የእናንተ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ክብደቱ በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢነፍስ እንኳ ተርባይኑን፣ ማለትም ነፋስ የሚያዞረውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የሚገፋበት ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ምሰሶ የተተከለበት ቦታ ሁሉ ተርባይን ይቆምበታል ማለት አይደለም፤ ልኬቱ አላዋጣም ብሎ ምሰሶው ተነቅሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ልኬቱ ቢያዋጣስ? የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ፣ የማስተላለፊያ መስመር ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የሚደረግ ስምምነትና የገንዘብ ምንጭ ፍለጋ ስለሚከተሉ ግንባታው እስኪጀመር ዓመታት ይፈጃል።

ወደ መሬቱ ልመለስ፤ የእርስዎም ዋና ጭንቀት እርሱ ነውና። ተርባይኖች አንዱ የሌላውን ነፋስ እንዳይሰብር ተራርቀው ይቆማሉ። የክንፎቹ ዙሪት 77 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ በሁለቱ መካከል ከ400 እስከ 700 ሜትር ያህል ይተዋል። በዚያ መካከል ያለው ማሳ መታረሱን ሊቀጥል ይችላል። አዳማ ዙሪያ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት 136 ተርባይኖች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ በሄድኩበት ጊዜ ገበሬዎች በማማዎቹ መካከል ጤፍ ሲያጭዱ፣ ከብቶችም በማማው ጥላ ተኝተው ጥላው በዞረ ቁጥር እየተነሡ ሲከተሉት አይቻለሁ። ጨርሶ የሚወሰደው መሠረቱ፣ ክሬን የሚቆምበት ሜዳና መንገዱ ነው። እኔ ከሁሉም የምፈራው መንገዱን ነው። አንዱ ክንፍ ብቻ ከ35 ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው የሚያልፍበት መንገድ ሰፊና ኩርባው የላላ መሆን አለበት፤ ቦዩ በአግባቡ ካልተሠራ ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ ከመንገዱ ተሰብስቦ ወደ ማሳ ይወርዳል። ስብሰባ ሲጠራ ብዙ ሰው ስለ ተርባይኑ ይጠይቃል፤ እርስዎ ግን መንገዱ በየት እንደሚያልፍና ውኃው ወዴት እንደሚለቀቅ በካርታ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፤ ያ ማለት ግን ባለ ይዞታው ካሳ የለውም ማለት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የገጠር መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ባለ ይዞታ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ከሚከፈለው ካሳ ሌላ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ የልማት ተነሺ ካሳ እንዲከፈለው ይደነግጋል። አዋጁ በኋላ ማሻሻያ ስለተደረገበት፣ ዛሬ የሚሠራበትን ከአካባቢዎ የመሬት ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። ስሌቱ በገቢ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በየዓመቱ ያመረቱትንና የሸጡትን ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ይመዝግቡ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎም ላይ የማሳው ስፋት በትክክል መስፈሩን ይመልከቱ።

ያለ ወረቀት መተከሉን ግን በዝምታ አይለፉት። በቀበሌው በኩል ምሰሶውን የተከለው አካል ስም፣ የፈቃዱ ቅጂ፣ ምሰሶው የሚቆይበት ጊዜ፣ ለተያዘው ቦታና ለሚጠፋው ሰብል የሚከፈለው ክፍያ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ። የወጠሩት ሽቦዎች ከግርጌው ርቀው መሬት ውስጥ ስለሚታሰሩ በሬ ሲጠመድም ሆነ ከብት ሲሰማራ አደጋ አላቸው፤ በአጥር እንዲከለሉ ይጠይቁ። ልጆችም በመብረቅ ጊዜ ከምሰሶው እንዲርቁ ይምከሩ።

ስለ ዓባይ ግድብ የጠየቁት ተገቢ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ኃይላችን በአብዛኛው በወንዝ፣ ወንዙም በክረምቱ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በብዙ የአገራችን ስፍራዎች ነፋሱ የሚበረታው ውኃው በሚጎድልበት በበጋ ነው። በጥር ተርባይኖቹ ባመነጩ ቁጥር የዚያን ያህል ውኃ በግድቡ ውስጥ ይቆያል ማለት ነው። መቀሌ አጠገብ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የ120 ሜጋ ዋቱ የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫም ሆነ በኢተያና በአሰላ መካከል የተተከሉት 29 ተርባይኖች ለዚህ እንዲያግዙ የታሰቡ ናቸው።

አንድ ያልጠየቁትን ልጨምር፤ በሌላ ስፍራ ሰዎች ሲያዝኑበት ሰምቻለሁና። ተርባይን ከደጃፍ ስለቆመ ብቻ መብራት ቤት አይገባም። የመነጨው ኃይል ወደ ከፍተኛ መስመር ይሄዳል፤ ወደ ቤት የሚያደርሰው ትራንስፎርመርና ዝቅተኛ መስመር የሌላ ተቋም፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። መንደራችሁ መብራት ከፈለገ ጥያቄው ከውል በፊት በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ አካባቢ የዶሮ እርባታ አለኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጫጩቶቼ በብርድ ያልቃሉ። ጣሪያዬ ላይ አነስተኛ የነፋስ ተርባይን ብተክል ያዋጣኛል?
(ከለገጣፎ)

መልስ፦ እኔ አልመክርዎትም። ቤትና ዛፍ ነፋሱን ያተራምሱታል፤ የሚያስከትሉት ብጥብጥም ከቁመታቸው 20 እጥፍ ያህል ይርቃል። 15 ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ ረድፍ ካለ እስከ 300 ሜትር ድረስ ነፋሱ ንጹሕ አይሆንም፤ የጣሪያ ተርባይን ደግሞ ልክ በዚያ ብጥብጥ ውስጥ ይወድቃል። ንዝረቱም ግድግዳውን ይጎዳል፣ ዶሮዎቹንም ያውካል። ለመብራቱ የፀሐይ ፓነልና ባትሪ ይበቃዎታል። ጫጩት ማሞቅ ግን ብዙ ኃይል የሚበላ ሥራ ስለሆነ በባትሪ ከመሞከር ይልቅ የጋዝ ወይም የከሰል ማሞቂያ በመጠባበቂያነት ይያዙ፤ ጭሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ አስቀድመው ያዘጋጁለት።