ማጋነን ውሸት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ12 ዓመት ልጄ «ቀኝ ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት» የሚለውን ወንጌል ሰምቶ ደነገጠ። «እንዲያው ለማጋነን ነው» ብዬ ብነግረው «ታዲያ ጌታ የሌለውን ይናገራል?» አለኝ፤ መልስ አጣሁ። እኔም «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ሳልል የማልውል ሰው ነኝ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጅሽ ቁም ነገር ጠይቋል። ውሸት ሰሚውን ለማሳት የሚነገር ነው። «ሺህ ጊዜ» ስትዪው ልጅሽ ቁጭ ብሎ አይቈጥርም፤ መሰልቸትሽ ይገባዋል። የእስራኤል ሴቶች «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ» ብለው ሲዘፍኑም ሬሳ የቈጠረ የለም። ሳኦል ግን መልእክቱ በደንብ ገብቶት ተቈጣ።

ጌታ ስለ ዓይን የተናገረው በምኞት ስለ ማየት ሲያስተምር ነው። ቀኝ ዓይኑን ያወጣ ሰው ግራው ይቀረዋል፤ ሁለቱንም ቢያወጣ ልቡ ይቀረዋል። ክፉ አሳብ የሚወጣው ደግሞ ከልብ እንደሆነ ራሱ ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ነግሮናል። ቤተ ክርስቲያንም አካልን መጕዳት ጽድቅ አለመሆኑን ገና ጥንት ወስናለች፤ ሠለስቱ ምዕት የሚባሉት የቤተ ክርስቲያን አባቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ325 ኒቅያ ላይ ሲሰበሰቡ፣ የመጀመሪያው ቀኖናቸው በጤናው ራሱን የሰለበ ካህን ከአገልግሎት እንዲቆም የሚያዝዝ ነው። በሕመም ምክንያት ሐኪም ያደረገበትን ግን አልከለከሉም።

«አባቱንና እናቱን ባይጠላ… ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም» የሚለው የሉቃስ ቃል ብዙዎችን ያስጨንቃል። ማቴዎስ «ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ» ብሎ ልኩን ያሳየናል። ደግሞስ ወላጆቻቸውን መጦር በቍርባን ሰበብ፣ ማለትም «ገንዘቡ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው» ብለው የተዉትን የገሠጸ ጌታ እንዴት ጥላቻ ያዝዛል?

የዚህ ተቃራኒም አለ። በመዝሙር 50 «የተሰበረውንና የተዋረደውን ልብ እግዚአብሔር አይንቅም» እንላለን። አለመናቅ ብቻ? አቅፎ ይቀበላል እንጂ! ዳዊት አሳንሶ ተናገረ፤ የሚጸልየው ኃጢአተኛ ነውና ድፍረት አላማረውም።

አንቺ ልትጠነቀቂ የሚገባሽ ሰሚው ቃልሽን እንደ ልኩ በሚወስድበት ቦታ ነው። ጸበል ተጠምቆ ራስ ምታቱ የተወው ሰው «ሞቼ ተነሣሁ» ብሎ ቢመሰክር፣ እውነተኛውን ተአምር አረከሰው። እግዚአብሔር የእኛን ጭማሪ አይፈልግም። በንስሐ አባት ፊት ደግሞ የምንፈተነው በማሳነስ ነው፤ ሰው ዓመት ሙሉ ከጎረቤቱ ተኳርፎ ከርሞ «ትንሽ ተቀያይመን ነበር» ይላል። እዚህ ላይ የሚታለል ሰሚ አለ፤ እኔ ከ«ሺህ ጊዜ»ሽ ይልቅ ይህችን «ትንሽ» እፈራታለሁ።

ለልጅሽ ማቴዎስ 5ን ከቍጥር 27 እስከ 30 አብረሽው አንብቢ። ዓይኑ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነና ማንም እንዲነካው እንዳልታዘዘ በግልጽ ንገሪው። «ታዲያ ምን ልቍረጥ?» ካለሽ፣ ማታ ማታ ስልኩን ያስረክብሽ። በዚህ ዕድሜ ይህ ዓይን ከማውጣት አይተናነስም፤ ይህችኛዋ የእኔ ግነት ናት።