የታመመውን ቡቺን ምን እናድርገው?

ጥያቄ፦ መምህራችን፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከ9 ዓመት ልጄ ጋር። ቡቺ የምንለው ትንሽ ነጭ ውሻ አለን፤ 11 ዓመቱ ነው። ኩላሊቱ ተጎድቷል ተብሎ ሁለት ሳምንት ግሉኮስ ተደረገለት። አሁን ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አይረጋለትም፤ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። የእንስሳት ሐኪሙ «አይድንም፤ በመርፌ እናስተኛው» አለን። እናቴ «ነፍስ ማጥፋት ነው፤ የሰጠ አምላክ ራሱ ይውሰደው» ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ «ለውሻ ይህን ያህል ብር ከምታወጡ ወስዳችሁ ጣሉት» ይለናል። እውነቱን ለመናገር ጊዮርጊስ ደጅ የኔ ቢጤዎችን ሳይ ባወጣሁት ገንዘብ እሸማቀቃለሁ። ጸበልስ ብረጨው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለውሻ ብለሽ መምህር መጠየቅሽ እንዳሳፈረሽ ከአጻጻፍሽ ተረድቻለሁ። አትፈሪ። በእኛ አገር «ውሻ» ስድብ ስለሆነ ለእሱ ማዘን ነውር ይመስለናል። እመቤታችን ግን በውሃ ጥም ለተቃጠለ ውሻ በወርቅ ጫማዋ ውሃ ቀድታ እንዳጠጣችው አባቶቻችን አስተምረውናል፤ ሠዓሊዎቻችንም በብራና ላይ ሥለውታል። በመጽሐፈ ጦቢት የጦቢት ልጅ ጦብያ መንገድ ሲወጣ መልአኩ ብቻ አይደለም አብሮት የሄደው፤ ውሻውም ተከትሎታል። ዳዊትም በመዝሙር 35 «ሰብአ ወእንስሳ ታድኅን እግዚኦ» ይላል፤ ሰውንና እንስሳን ታድናለህ ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልሽም። ቤትሽ ያሳደግሽው ፍጡር ሲታመም ማሳከም ግዴታሽ ነው። የልጅሽን ወተት፣ የእናትሽን መድኃኒት የሚነካ ከሆነ ግን እዚያ ላይ ቁሚ። የኔ ቢጤውንም አትለፊው፤ ለእሱ የምትሰጪውን ብር ቡቺ አልወሰደበትም።

ዋናው ነገር መርፌው ነው። የእናትሽን ቃል አከብራለሁ፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያናገራቸው ነው። ነገር ግን «አትግደል» የተባለው ስለ ሰው ነው፤ በግና በሬ ባርከን አርደን እንበላለን። የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕያው የሆነች ማለት ነው፤ ከሥጋ ተለይታ ትኖራለች። የእንስሳ ግን ደመ ነፍስ ናት፤ ከደሙ ጋር ታልፋለች። ስለዚህ ቡቺ በሕመሙ ውስጥ ንስሓ አይገባበትም፣ ዋጋ አይቀበልበትም፤ ሕመሙ ሕመም ብቻ ነው። ይህን የምልሽ ስለ እንስሳ ብቻ መሆኑን ልብ በይ። አልጋ ላይ ስላለ ሰው ማንም እንዲህ ብሎ ቢነግርሽ አትስሚው፤ የሰው ዕድሜ በፈጣሪው እጅ ነው።

ጠቢቡ በምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ከተናገረ በኋላ የኀጥኣን ምሕረት ጨካኝ ነው ይላል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ያስጨንቀኛል። ምሕረት እንዴት ጨካኝ ይሆናል? ውሻው ሲሰቃይ እያየን «እኔ እጄን አላስገባም» ብለን በር ዘግተን ስንተኛ ይሆናል። መለየት አቅቶን አንድ ሳምንት፣ ደግሞ አንድ ሳምንት ስናቆየውም ይሆናል። እስቲ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፦ የማቆየው ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ? ጭራውን ያወዛውዝልሻል? የሚወደውን ምግብ ስታቀርቢለት ቀና ይላል? ከሚሻለው ቀን የሚብስበት ከበዛ፣ ሐኪሙም ተስፋ የለውም ካለ፣ ኃጢአት አይሆንብሽም። ልብሽ ካላረፈ ሌላ ሐኪም አሳዪው፤ ከንስሓ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ።

የጎረቤታችሁን ምክር ግን ከቶ አትስሙ። የታመመ ውሻ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ጥሎ መሄድ፣ በሥጋ መርዝ መስጠት፣ ይህ ጭካኔ ነው። እቤት ያለ የሰው ማስታገሻም አትስጡት፤ አይቡፕሮፌን የመሰለው ኩላሊቱን ይብስ ይጎዳዋል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ገበሬው ከብቱ ሲታመምበት ጸበል ይረጫል፤ ቤትሽ ብትረጪው አልከለክልሽም። ሕዝብ ወደሚጠመቅበት ግን አትውሰጂው። ሲሞትም ፍትሐትና ተዝካር የለውም፤ ሌላ ውሻ እንዳያወጣው ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ልጅሽን «ገጠር ላክነው» ብለሽ አትዋሺው። አንድ ቀን እውነቱን ሲያውቅ ሌላውንም ቃልሽን ይጠራጠራል። በጣም ታሟል፣ ሐኪሙ ሕመሙን ሊያስቆምለት ነው፣ ከዚያ ይሞታል በይው። ካለቀሰ አልቅሺ አብረሽው። ደኅና ሁን ይበለው።

ሐኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂው፤ መጀመሪያ በማደንዘዣ ራሱን እንዲስት፣ ከዚያ ልቡ እንዲቆም ያድርግ። አንቺ ከክፍሉ አትውጪ። በሰው ቤት፣ በማያውቀው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚተኛው፤ የሚያውቀው ድምፅሽን ነው። እስኪተኛ ድረስ ራሱን ደግፈሽ ስሙን ጥሪለት። ከዚያ ቤትሽ ገብተሽ ታጠቢ፣ ልብስሽን ለውጪና በማግሥቱ ለኪዳን ነዪ።