የማን ልጅ ነሽ?

ባለፈው ወር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ «ሲስተር፣ ስለ እርግዝና መከላከያ እስኪ ያጫውቱን» ብሎ ጠራኝ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ግን ከጠሩኝ እሄዳለሁ። ጥያቄያችሁን ስም ሳትጽፉ በብጣሽ ወረቀት ስጡኝ አልኳቸው። ኮንዶም ባልኩ ቁጥር ወንዶቹ ከኋላ ይገፈታተራሉ። የዛሬ ልጅ ስልኩ ላይ ያላየው ጉድ የለም፤ የወር አበባ በስንት ቀን እንደሚመጣ ግን ጠይቄ የመለሰልኝ አንድ ነው።

አብዛኛው ጥያቄ ከግንኙነት በኋላ ስለሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ፣ ስለ ፖስትፒል ነበር። ማህፀን ያደርቃል ወይ? አያደርቅም። ፅንስ ያስወርዳል ወይ? አያስወርድም፤ እንቁላሉ ቶሎ እንዳይወጣ ነው የሚያዘገየው፤ ስለዚህ ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይ በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። በየሳምንቱ የሚዋጥ ግን አይደለም፤ ከኤችአይቪም አያድንም። ይህን ሁሉ እንደ ውሃ ነው የመለስኩት። ከሥር አንዲት ወረቀት ወጣች፦ «ጤና ጣቢያ ብሄድ ለእናቴ ይነግሩብኛል?»

«አይነግሩም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

1989 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ውስጥ ባንዲት ትንሽ ከተማ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉን ብቻዬን ነበር የምሠራው። ገበያ ቀን ሲሆን የገጠር ሴቶች ጨው ልገዛ ነው ብለው ከቤት ወጥተው እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ የሦስት ወር መርፌያቸውን ተወግተው፣ የቀጠሮ ካርዳቸውን እኔው ጋ ትተው ይሄዳሉ፤ ባል እንዳያየው። መሳቢያዬ በእነሱ ካርድ የተሞላ ነበር። አንዷ እንዲያውም ካርዷን በእንቁላል ነበር የምታስጠብቀኝ፤ ተይ ብላት አትሰማም። እንደዚህ ያለ ምስጢር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ልጅ ገባች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች፤ ከእጅጌዋ ግን የተማሪ ሹራቧ ብቅ ብሏል፤ ጣቷ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አለ። ካርድ ክፍል ራስ ምታት ብላ ነው ያወጣችው። ዕድሜ 16። «እህቴ ልካኝ ነው» አለች፤ «ያንን ክኒን።»

ያኔ ምን ማለት ነበረብኝ? ተቀመጪ። እኔ ግን ቀና ብዬ አይቻት «የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

የአባቷን ስም ነገረችኝ። ከእናቷ ጋር የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበርተኞች ነን። «እናትሽ ታውቃለች?» አልኳት። «ይተዉት ሲስተር» ብላ ካርዷን ጠረጴዛዬ ላይ እንደተወች ወጣች። ካርዱ ላይ ቀኑን ጽፌ ነበር፤ ከቀኑ ሌላ ምንም አልጻፍኩም።

መጋቢት ላይ እናቷ ራሷ ይዛት መጣች። «ሆዷን ያማታል፣ ምግብም አይረጋላትም።» አልጋው ላይ አስተኝቼ ዳሰስኳት፤ ማህፀኗ እምብርቷ ሥር ሊደርስ ነው። ልጅቷ እጄን ታያለች። እናትየው ስትጮህ፣ «ማነው? የት ነበርሽ? ለማን ነገርሽ?» ስትላት፣ ከአምስት ወር በፊት እዚያው ክፍል መጥታ እንደነበር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልተነፈስኩም። የድሮ ካርዷ እጄ ላይ ነበር፤ ከዚያች ባዶ ቀን ሥር የእርግዝናውን ሳምንት ጻፍኩ።

ትምህርቷን አቆመች። ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ላኳት ተባለ። እናቷ ከማኅበሩ ቀረች፤ እኔ ግን እስክዛወር ድረስ ጽዋዬን እየጠጣሁ ቆየሁ።

ያ ጊዜ አልፏል ትሉኝ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን መጣ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ በየቀበሌው ይሰጣል፤ የ3 ዓመትም የ5 ዓመትም አለ። ግን በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ 100 ሴቶች 13ቱ ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። ሁሉም መድኃኒት አጥተው አይደለም፤ ገሚሱ ባልና ወግ ያመጣው ነው፤ ገሚሱ ደግሞ እንደኔ ያለች ነርስ ደጅ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

ተማሪ ለዚህ ነገር ይቸኩል አልልም። መቆየቱ ይሻላል፤ ለልጄም ይህንኑ ብያታለሁ። ከዚህ ሌላ ለልጄ ምንም አልነገርኳትም፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ። እናንተ ወንዶችም፣ ከኋላ የምትስቁት፣ ያቺ ልጅ ብቻዋን አልነበረም ያረገዘችው፤ ያስረገዛትን ልጅ ስም ግን እስከ ዛሬ የጠራ የለም።

ወረቀቷን ለጻፍሽው ልጅ፦ «አይነግሩም» ያልኩሽ እንዳይነግሩ ግዴታቸው ስለሆነ ነው። የማን ልጅ ነሽ የምትል ከገጠመችሽ መልስ አይጠበቅብሽም፤ ሌላ ባለሙያ ጠይቂ፣ አለዚያም ሌላ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ደግሞ ገበያ ቀን አትሂጂ። ለገጠሮቹ መሸሸጊያቸው ነበር፤ ላንቺ ግን የሠፈርሽ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጭር ይላል።