ማርሳሽሎክ እሁድ ይሻላል ወይስ በሥራ ቀን? ከእናቷ ጋር ለምትመጣው እህት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በሴፕቴምበር ከእናትሽ ጋር ለአራት ቀን ማልታ ልትመጡ ነው። ማርሳሽሎክ የሚባለውን የዓሣ አጥማጆች መንደር በፎቶ አይታችሁ ወዳችሁታል። «እሁድ ገበያ አለ ይላሉ፤ እሁድ እንሂድ ወይስ ሌላ ቀን? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ምግብም ትመርጣለች» ነው ያልሽው።

ብዙ ሰው እሁድ እንደሚልሽ አውቃለሁ። እኔ ግን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ እላለሁ። እዚያ የባህሩ ዳር ካሉት የዓሣ ቤቶች በአንዱ ሁለት ሰመር ሰሃን አጥቤያለሁ። ከኋላ በር የሚያይ ሰው ትንሽ የተለየ ነገር ያያል።

እሁድ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በፈረንጅ 10) በኋላ በዚያች መንገድ ላይ ሰው ከሰው ይጋፋል። ዓሣው የሚሸጠው በአንድ በኩል ብቻ ነው። የቀረው ቦርሳ፣ የላስቲክ መጫወቻ፣ ካልሲ፣ ማር፣ የለውዝ ከረሜላ ነው። መርካቶን የሚያውቁ እናት ካልሲ ሊያዩ ማልታ ድረስ አይመጡም። አውቶቡሱም ጢም ብሎ ስለሚመጣ አንዳንዴ ፌርማታው ላይ ሳይቆም ያልፋል። ከእሁድ ሌላ ቀን ከሌላችሁ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። ያኔ ዓሣው ገና በረዶ ላይ እየተደረደረ ነው፣ ገዢውም በአብዛኛው የአገሬው ሰው ነው።

በሥራ ቀን ግን መንደሩ የራሱ ነው። አጥማጆቹ መረባቸውን ወደቡ ዳር ዘርግተው፣ አንዳንዱ በርጩማ ላይ አንዳንዱ መሬት ተቀምጦ፣ የተቀደደውን ይጠግናል። መረቡን እግሩ አውራ ጣት ላይ ወጥሮ በመርፌ እየቋጠረ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሰሃን የማጠብ ፋታ ሳገኝ እሱን ነበር የማየው። አንድ ቀን አንዲት ቱሪስት ፎቶ ልትነሳ መረቡ ላይ በሂል ጫማ ቆመች። የሰማችውን ስድብ ትርጉሙን አልነግርሽም። መረብ ላይ አትርገጡ፣ በቃ።

ጀልባዎቹ «ሉትሱ» ይባላሉ። ከፊትም ከኋላም ሹል ናቸው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ይቀባሉ። ከፊት ለፊት ግራና ቀኝ ሁለት ዓይን አላቸው። አጥማጁን ከክፉ ይጠብቃል ይባላል፤ ልማዱንም እስከ ጥንት ፊንቄያውያን ድረስ የሚመልሱት አሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያንን ዓይን በማልታ ቋንቋ ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ? ዓይን። ልክ እንደኛ። ቋንቋቸው ከዓረብኛ የወጣ ሴማዊ ቋንቋ ስለሆነ ደምም ደም ነው፣ ሞትም «መውት» ነው። የመንደሩም ስም እንደዚያው ነው። «ማርሳ» ወደብ፣ «ሽሎክ» ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ። ዓረብ አገር የሠራ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ይህ ዝምድና ግን አንድ ጊዜ አዋርዶኛል። ገና እንደመጣሁ ገበያው ላይ አንድ ዓሣ አየሁና በእጄ ጠቆምኩ። ሻጩ «ሐምሳ» አለኝ። ሃምሳ ዩሮ! እንኳን ሃምሳ፣ አሥርም አልነበረኝ። እጄን ሰብስቤ ልሄድ ስል ሰውዬው እየሳቀ አምስት ጣቱን ዘርግቶ አሳየኝ። የነሱ «ሐምሳ» አምስት ነው። እናትሽም እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

በሴፕቴምበር መምጣታችሁ ትልቅ ዕድል ነው፤ ላምፑኪ የሚባለው ዓሣ ወቅት ነው። የሚጀምረው ኦገስት አጋማሽ ላይ፣ እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት በሚያከብሩበት ሰሞን ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይዘልቃል። አጠማመዱ ደስ ይላል። የዘንባባ ቅጠል እየቆረጡ ጠፍጣፋ ተንሳፋፊ ይሠራሉ። በረጅም ገመድ ከድንጋይ ጋር አስረው ባህሩ ላይ በተርታ ይጥሉታል። ላምፑኪ ጥላ ይወዳል። ከብት በቀትር ግራር ሥር እንደሚከማች፣ ዓሣውም ከቅጠሉ ሥር ይሰበሰባል። አጥማጁ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው እየሄደ በመረብ ይከበዋል። ከወቅቱ በፊት የዘንባባ ቅጠል የተቆለለበት ቦታ ባየሁ ቁጥር ሆሳዕና ይመስለኝ ነበር።

ስለ ምግቡ ላውራሽ፣ ይሄ ላይ ልምድ አለኝ። እናትሽ ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን አይበሉም ብዬ ልገምት። እንግዲያው ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና ካላማሪ ቀርተዋል። ላምፑኪ ይሆናቸዋል። «አልዮታ» የሚባል የዓሣ ሾርባም አለ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሩዝ ይገባበታል። እነሱም ሥጋ በማይበሉበት በዐቢይ ጾም የሚሠሩት ነበር ይባላል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምረውም።) ብቻ ስታዢ «ሽሪምፕ ወይም ሙሰል አለበት?» ብለሽ ጠይቂ፤ አንዳንድ ቤት ይጨምሩበታል።

ዋናው ጥያቄ ግን ዋጋው ነው። ሙሉ ዓሣ በኪሎ ነው የሚሸጠው። አስተናጋጁ ዓሣ በትሪ ይዞ መጥቶ «ይሄ ቆንጆ ነው» ይልሻል፤ አንቺም እሺ ትያለሽ። ሚዛኑን ያየ የለም። እኔ ራሴ የአክስቴን ልጅ ልጋብዝ ብዬ እንዲህ ተበላሁ። እዚያው ሰፈር የሠራሁ ሰው፣ ለሁለት ሰው ከሰማንያ ዩሮ በላይ ከፍዬ ወጣሁ። ስለዚህ ከመጠበሱ በፊት ስንት ግራም እንደሆነና ኪሎው ስንት እንደሆነ ይነገርሽ። ሌላም አለ፤ ሲብሪምና ሲባስ የሚባሉት ዓሦች በብዛት የሚመጡት ከእርባታ ነው። መጥፎ አይደሉም፣ ግን «ዛሬ ከባህር የገባው የቱ ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥሽ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ፎቶው የደበቀሽን ልንገርሽ። ከባህረ ሰላጤው ማዶ ትልቅ የኮንቴይነር ወደብ አለ፤ ክሬኖቹ ከየትም ይታያሉ። በሌላው በኩል ደግሞ የመብራት ኃይል ማመንጫ አለ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ትንሽ አዙሮባቸው ነው። እኔ ያን ያህል አይረብሸኝም፤ ባህሩ የሥራ ቦታ ነው። አንቺ ግን ገነትን ጠብቀሽ እንዳትመጪ።

ነፋሱንም ከመውጣታችሁ በፊት በስልክሽ እዪ። ነፋስ ከበረታ ጀልባ አይወጣም፣ ዓሣም የለም፣ ዳር ላይ መቀመጥም አይቻልም። በ1989 ዲሴምበር ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽና የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ የተገናኙት እዚሁ ባህረ ሰላጤ ውስጥ መርከብ ላይ ነበር። ማዕበሉ በርትቶ ከፕሮግራማቸው የተሰረዘ ነበር። እነሱን ያልማረ ነፋስ እኛን አይምርም።

ለጉልበታቸው አታስቢ። የባህሩ ዳር ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ መቀመጫም አለ። ሴንት ፒተርስ ፑል የሚባለውን መዋኛ ግን ተዪው። በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ጥላ የለውም። በጀልባ ይወስዳሉ፤ ስለ ጀልባው ግን እኔን አትጠይቂኝ። እኔ ማልታ የገባሁት ከሊቢያ በጎማ ጀልባ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ላይ እግሬን አላሳረፍኩም።

ከዋና ከተማዋ ከቫሌታ 81 ወይም 85 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ፤ የሚነሱት ከከተማዋ በር ፊት ለፊት ካለው ተርሚናል ነው። ትኬቱ ለሁለት ሰዓት ያገለግላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ብትነሱ መረብ የሚጠግኑትንም ታገኛላችሁ፣ ፀሐዩም አይበረታም። ለእናትሽ ሻርፕና ውሃ ያዢላቸው።

ቀኑን ስትቆርጪ ጻፊልኝ። ሐሙስ ጠዋት ሥራ የለኝም፤ ፌርማታው ላይ እጠብቃችኋለሁ፣ ዓሣውንም አብረን እናስመዝናለን። ጀልባ ግባ ብቻ እንዳትሉኝ።